ወጥ የተባለው ትምህርት ቤት

በሚሲሲፒ ወንዝ ዳርና ዳር ተቆርቁረው ነዋሪዎቻቸው መንትዮቹ ከተሞች የሚሏቸው ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ገና ከመንደርነት ብዙም ባልራቁበት ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. (ሌላ ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ሚኒሶታ ከአሜሪካ ግዛቶች እንደ አንዷ ትቆጠር ዘንድ ሕገ መንግሥት እንዲጽፉ የተመረጡት የሁለቱ ፓርቲዎች እንደራሴዎች አንዱ ከሌላው ጋር በአንድ ጉባኤ መቀመጥን ስለ ተጸየፉ፣ በሴንት ፖሉ የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ በሁለት አዳራሽ ተለያይተው ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ሲከራከሩ ሰነበቱ። በመጨረሻም አስታራቂ ኮሚቴ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ቢያቀርብላቸው፣ ዲሞክራቶቹ ሪፐብሊካኖቹ በፈረሙበት ወረቀት ላይ ስማቸውን ማኖርን፣ ሪፐብሊካኖቹም እንደዚሁ የእነዚያን ወረቀት መንካትን እንቢ በማለታቸው፣ አንዱ ሕገ መንግሥት በሁለት ቅጂ ተጽፎ እያንዳንዱ ወገን በየራሱ ቅጂ ላይ ፈረመ።

በአንድ ወረቀት ላይ ለመፈረም ያልተስማሙት እነዚህ ሰዎች ስለ ትምህርት የተስማሙበት ቃል ምንድር ነው ቢሉ፣ የሪፐብሊክ አገዛዝ ጽናቱ በይበልጥ በሕዝቡ ዕውቀት ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ሕግ አውጪው ምክር ቤት አጠቃላይና ወጥ የሆነ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት የማቆም ግዴታ አለበት የሚል ነው። ወጥ የሚለውን የአማርኛ ቃል የመረጥሁት ሆነ ብዬ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍለው ወጡ ስንል መጋጠሚያ የሌለው፣ ቅጥልጥል የማያውቅ ማለታችን ሲሆን፣ በማዕድ ላይ የሚቀርበው ወጥ ግን ሽንኩርቱ ሟሙቶ፣ በርበሬው ተዋሕዶ፣ ቅቤው ተሰውሮ፣ ብዙው ነገር በእሳትና በትዕግሥት አንድ የሆነው ነው፤ የሚኒሶታ አባቶች ዐለቱን ይፈልጉ ኖሮ ወይስ ድስቱን፣ አንቀጹ አይናገርም። ከ160 ዓመት በላይ የቆየው ክርክርም ከዚህች ዝምታ የተወለደ ይመስለኛል።

አንቀጹን ደጋግሞ ላነበበ ሰው ሌላ የጎደለ ነገር ይታየዋል፤ ልጁ በውስጡ የለም። ሪፐብሊኩ አለ፣ ሕዝቡ አለ፣ ምክር ቤቱ አለ፤ ማለዳ ተነሥቶ በበረዶ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ግን አልተጠራም። ስለ ትምህርት የሚጽፉ ሰዎች የግለሰብን ጥቅምና የማኅበረሰብን ጥቅም ሁለት እጅ ባለው ሚዛን ላይ አድርገው ማመዛዘንን ልማድ አድርገውታል፤ የእነዚህ ከተሞች ታሪክ ግን ባለጉዳዮቹ ሦስት መሆናቸውን ያሳየኛል፤ አንደኛው መንግሥት፣ ሁለተኛው በሃይማኖት ወይም በቋንቋ ወይም በዘር የተሳሰረው ወገን፣ ሦስተኛው ልጁ ራሱ ሲሆን፣ ሁለቱ በተስማሙ ጊዜ ዋጋውን የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ነው።

ሕገ መንግሥቱ ከመጻፉ 10 ዓመት በፊት፣ በሐምሌ 1847፣ ሃሪየት ቢሾፕ የምትባል ወጣት መምህርት ከቬርሞንት ተነሥታ፣ ዳኮታ በሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ መንደር ይኖር በነበረው ሚስዮናዊ በዶክተር ቶማስ ዊልያምሰን ጥሪ ወደ ሴንት ፖል መጥታ፣ ቀድሞ የአንጥረኛ መሥሪያ በነበረች የግንድ ጎጆ ውስጥ ትምህርት ጀመረች። ተማሪዎቿ ከፊሎቹ ፈረንሳይኛ፣ ከፊሎቹ ዳኮታኛ፣ ጥቂቶቹ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ስለ ነበሩ፣ ሦስቱንም የምታውቅ አንዲት ልጅ አስተርጓሚ ሆና በመምህርቷና በክፍሉ መካከል ትቆም ነበር። እንግዲህ በዚህ ከተማ የመጀመሪያው የሕዝብ ትምህርት ቤት ወጥ አልነበረም፤ ያለ አስተርጓሚም አንድ ቀን አይውልም ነበር።

ለትምህርት ቤቶቹ መተዳደሪያ የተሰጠው ርስትም የራሱ ታሪክ አለው። ሚኒሶታ በ1849 በሕግ ስትደራጅ መሬቱ በካሬ ተሸንሽኖ፣ ከየ36ቱ ካሬ 16ኛውና 36ኛው ለትምህርት እንዲቀመጡ ተደነገገ፤ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ ሲባል ለሰማ ኢትዮጵያዊ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። ነገር ግን ከመሬቱ ሰፊ ክፍል በ1851 በተፈረሙት ውሎች ከዳኮታዎች እጅ የወጣ ሲሆን፣ ዳኮታዎቹ ራሳቸው ከመንግሥት ጋር ካደረጉት ከ1862ቱ ጦርነት በኋላ ከግዛቲቱ ተባረሩ። የአንዱ ሕዝብ የጋራ ጥቅም በሌላው ሕዝብ ርስት ላይ ተተከለ ማለት ነው።

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ደግሞ የሴንት ፖል የትምህርት ቦርድ ከደቡብ በሚሲሲፒ ሽቅብ የመጡትን ጥቁሮች ልጆች ለይቶ በ1865 በተለየ ቤት እንዲማሩ አደረገ። በ1868 ለጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብት ተሰጠ፤ በተከታዩ ዓመት ሕግ አውጪው ምክር ቤት ልጆችን በቀለም ለሚለይ ወረዳ የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ እንዳይሰጥ ስለ ደነገገ ያ ቤት ተዘጋ። በዚህ ጊዜ ወጥ የሚለው ቃል ለልጁ ጋሻ ሆነለት። ቃሉ ምንጊዜም ጋሻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ሐሳቤን የሚይዘው የሊቀ ጳጳስ ጆን አየርላንድ ነገር ነው። ይህ ሰው በ1838 በአየርላንድ አገር ተወልዶ፣ በረኃብና በስደት ዘመን በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ሴንት ፖል የመጣ፣ በፈረንሳይ የተማረ፣ በእርስ በርሱ ጦርነት የሠራዊት ካህን የነበረ፣ ከ1888 ጀምሮም የሴንት ፖል ሊቀ ጳጳስ የሆነ ሲሆን፣ በሐምሌ 1890 የአሜሪካ መምህራን ታላቅ ጉባኤ በራሱ ከተማ በተሰበሰበ ጊዜ ተነሥቶ የካቶሊክ ጳጳስ ይናገረዋል ተብሎ ያልተጠበቀውን ተናገረ። መንግሥት ልጆችን የማስተማር መብትና ግዴታ እንዳለው መሰከረ፤ የደብር ትምህርት ቤት ባያስፈልግ እንዴት በወደድሁ አለ፤ ነገር ግን ሃይማኖት የተለየው ትምህርት ለልጁ ነፍስ ጎደሎ ስለሆነ፣ የሕዝቡ ትምህርት ቤት ለሃይማኖት በሩን የሚከፍትበት መንገድ ይፈለግ ሲል ለመነ።

በተከታዩ ዓመት፣ በ1891፣ ከከተማዋ በስተ ደቡብ በምትገኘው በፋሪቦልት፣ ጥቂት ቆይቶም በምሥራቅ በኩል ባለችው በስቲልወተር፣ ሐሳቡ በሥራ ተፈተነ። የደብሩ ትምህርት ቤት ለከተማው የትምህርት ቦርድ በዓመት በ1 ዶላር ኪራይ ተሰጠ፤ መነኮሳይያቱ ከነቆባቸው በመምህርነታቸው ጸኑ፣ ደመወዛቸውን ግን ከቦርዱ ተቀበሉ፤ ትምህርተ ሃይማኖት ከመደበኛው ሰዓት ውጭ እንዲሰጥ ተወሰነ። ልጁ ባለበት ወንበር ተቀምጦ፣ የሚያውቃት መምህርት እያስተማረችው፣ ወጪውን ግን ሕዝቡ ሁሉ ቻለው፤ ሦስቱ ባለጉዳዮች በአንድ ጣሪያ ሥር ለመኖር የሞከሩበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በዚህ አካባቢ ታሪክ አላየሁም።

ሰላም ግን አልወረደም። ፕሮቴስታንቶቹ ቆብ የደፋች መነኩሲት በሕዝብ ገንዘብ ስታስተምር ማየት ሆዳቸውን ቆረጠው፤ በ1877 በሕገ መንግሥቱ ላይ የተጨመረው ማሻሻያ የሕዝብ ገንዘብ ለሃይማኖት ትምህርት ቤት እንዳይውል ይከለክል ነበርና ሕግ በእጃቸው ነበረ። ከእነርሱ ይልቅ የጠነከሩት ተቃዋሚዎች ግን የሊቀ ጳጳሱ የገዛ ሃይማኖቱ ሰዎች ነበሩ። ጀርመን ካቶሊኮች ቋንቋችንና እምነታችን አንድ ላይ የተገመዱ ስለሆኑ ትምህርት ቤቱን ማስረከብ ልጁን ማስረከብ ነው ብለው እስከ ሮም ድረስ ከሰሱት። ሮም በ1892 የሰጠችው መልስ በላቲን ሁለት ቃል ነበረ፤ ቶሌራሪ ፖቴስት፣ ይታገሡት ዘንድ ይቻላል። ይህን የመሰለ መልስ የሰጠ ሊቅ በእኛም አገር ቢፈለግ አይታጣም፤ አላጸደቀውም፣ አላወገዘውም፣ ሁለቱም ወገን ድል አድርጌያለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። የፋሪቦልት ውል በ1893 ፈረሰ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባችበት በ1917 የተቋቋመው የሚኒሶታ የሕዝብ ደኅንነት ኮሚሽን ጀርመንኛ ተናጋሪውን ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ሲመለከት፣ ያ የጀርመኖች ፍርሃት ከንቱ እንዳልነበረ ታየ።

ይህን ሳስብ የአብነት ትምህርት ቤታችን ትዝ ይለኛል። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ ደጅ ሲዞር፣ ምጣዷን ያወረደች ባልቴት የማታውቀውን የሰው አገር ልጅ ትመግባለች፤ ማኅበረሰቡ ያለ ግብር ሰብሳቢ ለትምህርት ግብር ይከፍላል ማለት ነው። ታዲያ ይህ የማኅበር እንጀራ በልቶ ያደረው ተማሪ ወደ ቅኔ ቤት በገባ ጊዜ የሚጠየቀው የራሱን ነው፤ መምህሩ መንገዱን በምሳሌ ያሳየዋል እንጂ፣ ማምሻውን ቆጥሮ የሚያቀርበው ቅኔ ከሌላ የተገለበጠ ከሆነ ነውር ነው፤ ትናንት የተሰማ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ልኩ ጥብቅ፣ ቤቱ የታወቀ፣ ቃሉ ግን የአንድ ሰው ብቻ። ሴት ልጅ፣ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ካሉት ከጥቂቶቹ በቀር፣ ከዚያ ጉባኤ ውጭ መቅረቷን ሳልዘነጋ፣ ማኅበርና ግለሰብ እንዲህ ተስማምተው የኖሩበትን ሌላ ትምህርት ቤት ለማግኘት እቸገራለሁ።

ወደ ሴንት ፖል እንመለስ። በኅዳር 1946 የከተማይቱ መምህራን የፈራረሰውን ሕንፃ፣ የተጨናነቀውን ክፍልና የመጻሕፍቱን እጥረት አሳይተው ለተሻለ ትምህርት ቤት የሚል መፈክር አንሥተው ወደ በረዶው ወጡ፤ የከተማይቱ ቻርተር በነፍስ ወከፍ ሊወጣ የሚችለውን ገንዘብ በገደብ አስሮት ነበርና። በአሜሪካ ምድር መምህራን በማኅበር ተደራጅተው ያደረጉት የመጀመሪያው የሥራ ማቆም አድማ ይህ ነው ይባላል፤ አንድ ወር ያህልም ቆየ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀው ግን 1972 ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ1971 አገረ ገዢው ዌንደል አንደርሰን፣ በኋላ የሚኒሶታ ተአምር የተባለውን ሕግ አጽድቆ፣ የትምህርት ወጪ በየወረዳው ሀብታምነትና ድኅነት ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር የግዛቲቱን ድርሻ ከ43 በመቶ ወደ 65 በመቶ ገደማ ከፍ አደረገው። በዚያው ዓመት በደቡብ ሚኒያፖሊስ የነጭ ልጆች የሚበዙበት ሄልና የጥቁር ልጆች የሚበዙበት ፊልድ የተባሉ ሁለት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተጣምረው፣ ታናናሾቹ በአንዱ፣ ታላላቆቹ በሌላው እንዲማሩ ተደረገ፤ ይህ ብዙ ወላጆችን በየስብሰባው አጯጯኸ። ጉዳዩ በዚህ አልቆመም፤ በግንቦት 1972 የፌዴራሉ ዳኛ ኧርል ላርሰን የሚኒያፖሊስ ትምህርት ቤቶች ልጆችን በዘር ለያይተዋል ብሎ ፈረደ፤ ከዚያም እስከ 1983 ድረስ የከተማይቱ ትምህርት ቤቶች በፍርድ ቤት ዓይን ሥር ቆዩ።

በዚያው በ1972፣ ከመንትዮቹ ከተሞች ሳይወጡ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ንቅናቄ መሪዎች ተቃራኒ የሚመስለውን አደረጉ። ንቅናቄው በ1968 በሚኒያፖሊስ የተመሠረተ ሲሆን፣ የመሪዎቹ አባቶችና እናቶች በልጅነት ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወስደው ጸጉራቸው የተላጨ፣ ቋንቋቸውን በመናገራቸው የተቀጡ ነበሩ፤ ያም አዳሪ ትምህርት ቤት በዘመኑ አነጋገር ወጥ ነበር። ስለዚህ በሚኒያፖሊስ የምድር ልብ፣ በሴንት ፖል ቀዩ ትምህርት ቤት የተባሉትን፣ እነርሱ የህልውና ትምህርት ቤት ያሏቸውን፣ ከፈቱ፤ ልጆቹ ከሂሳቡና ከንባቡ ጋር ኦጂብዌኛና ዳኮታኛ፣ ከበሮና ዝማሬ ተማሩ። ዳኛው ልጆቹን ቀላቅሉ ሲል እነዚህ ወላጆች ልጆቻችንን ለብቻ ስጡን አሉ፤ ሁለቱም በፍትሕ ስም ተናገሩ፤ በእኔ አስተያየት ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ጥቁሩ ልጅ በግድ ተለይቶ ነበርና መቀላቀል ነፃነቱ ሆነ፤ የነባሩ ሕዝብ ልጅ በግድ ተቀላቅሎ ነበርና መለየት ነፃነቱ ሆነ።

በዚያው ሰሞን በእኛም አገር ተመሳሳይ ክርክር ይወለድ ነበር። በ1964 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጠናው፣ ሕዝቡ ሴክተር ሪቪው ብሎ የጠራው የትምህርት ማሻሻያ ሐሳብ፣ ጥቂቶችን እስከ ዩኒቨርሲቲ ከማድረስ ይልቅ ብዙኃኑ የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኙ የሚል ነበር፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ለማኅበረሰቡ ያደላ፣ ርትዕ ያለው ነገር ነው። መምህሩና ወላጁ ግን ሌላ አዩበት፤ የድኻው ልጅ በ4ኛ ክፍል ወደ እርሻው ይመለስ፣ የባለጸጋው ልጅ ግን መንገዱን ያገኛል የሚል ፍርድ አነበቡበት። በዚሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ባቆሙ ጊዜ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይህ ዕቅድ እንዲቀር ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። የመላው ሕዝብ ጥቅም ተብሎ የተጻፈ ዕቅድ በአንዲት ቤት ውስጥ ባለ አንድ ልጅ ዕድል ሲለካ ምን ያህል እንደሚጠብ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገኝም።

በሚኒሶታ ሚዛኑን ወደ ልጁ ያዘነበለው ሰው ሩዲ ፐርፒች ይባላል። አባቱ ከክሮኤሽያ የመጣ የብረት ማዕድን ቆፋሪ ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር። አገረ ገዢ ሆኖ በ1985 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በመንግሥት ወጪ በኮሌጅ እንዲማሩ፣ ጥቂት ቆይቶም ማንም ልጅ ከሚኖርበት ወረዳ ውጭ በመረጠው የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲመዘገብ የሚፈቅዱትን ሕጎች አስወጣ። በ1988 ታዋቂው የመምህራን ማኅበር መሪ አልበርት ሻንከር ወደ ሚኒሶታ መጥቶ መምህራን ራሳቸው የሚያቋቁሟቸውን አዲስ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ሐሳብ ሲያቀርብ ከአድማጮቹ መካከል የነበሩት የግዛቲቱ ሴናተር ኤምበር ራይክጎት፣ ከሦስት ዓመት ትግል በኋላ በ1991 በአሜሪካ የመጀመሪያውን የቻርተር ትምህርት ቤት ሕግ አጸደቁ፤ ሕጉ ሲወጣ የፈቀደው 8 ትምህርት ቤት ብቻ ነበር። ከእነዚህም ቀድሞ በሩን የከፈተው በ1992 በሴንት ፖል፣ ትምህርት ያቋረጡ ወጣቶችን የሰበሰበው ሲቲ አካዳሚ ነው። ሻንከር በኋላ ሐሳቡ ከእጁ ወጥቶ ያላሰበው መንገድ ሲይዝ አይቶ ነቀፈው።

እኛ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች በብዛት ወደ መንትዮቹ ከተሞች የገባነው ይህ በር በተከፈተበት ሰሞን ነው። ቢል ዊልሰን፣ በሴንት ፖል የከተማ ምክር ቤት የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው፣ በ1999 ሃየር ግራውንድ አካዳሚ የተባለውን ቻርተር ትምህርት ቤት መሠረቱ፤ ከጊዜ በኋላ ከተማሪዎቹ የሚበዙት የሶማሌ፣ የኦሮሞና የሌላም የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኛ ልጆች ሆኑ። በ2015 ደግሞ ወላጆች ግዛቲቱን ከሰሱ፤ የመንትዮቹ ከተሞች ትምህርት ቤቶች በዘርና በኑሮ ተለያይተዋልና ወጥ የሚለው የ1857 ቃል ተጥሷል አሉ። ሃየር ግራውንድ ከሌሎች ቻርተር ትምህርት ቤቶች ጋር ጣልቃ ገብ ሆኖ፣ እኛ በግድ የተለየን ሳንሆን በፈቃድ የተሰበሰብን ነን ብሎ ተከራከረ። በዚህ ክርክር ውስጥ የ1972 ዳኛና የ1972 የነባር ሕዝብ ወላጆች በአንድ ችሎት ፊት ለፊት የተገናኙ ያህል ነው። የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2023፣ ሆን ተብሎ ያልተደረገ የዘር አለመመጣጠን ብቻውን ሕገ መንግሥቱን አይጥስም፤ ነገር ግን ለልጆች ትምህርት መጉደል ጉልህ ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ ይጥሳል ብሎ ነገሩን ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት መለሰው። ቶሌራሪ ፖቴስት ማለት ይኸው አይደለምን?

በመካከሉ፣ በ2020 መጀመሪያ፣ ቀድሞ የሚኒሶታ ቫይኪንግስ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች፣ ኋላም በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ የነበሩት አለን ፔጅ፣ ከሚኒያፖሊሱ የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ፕሬዚዳንት ከኒል ካሽካሪ ጋር ሆነው፣ አጠቃላይና ወጥ የሚለው አንቀጽ ተነሥቶ በምትኩ እያንዳንዱ ልጅ ጥራት ያለው የሕዝብ ትምህርት የማግኘት መሠረታዊ መብት አለው የሚል እንዲገባ ሐሳብ አቀረቡ። በ1857 ያልተጠራው ልጅ በስሙ ሊጠራ ነበር። የመምህራኑ ማኅበር ግን ግዴታው ከምክር ቤቱ ትከሻ ወርዶ ወደ ችሎት ይሄዳል ብሎ ተቃወመ፤ ማሻሻያውም ለመራጩ ሕዝብ ሳይቀርብ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ክረምት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ካፖርቷን ገና ያላወለቀች አንዲት እናት፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እስኪ ይፍረዱኝ» አለችኝ። ወንድ ልጇን የአገሩ ልጆች ወዳሉበት ቻርተር ትምህርት ቤት አስገብታዋለች፤ በሰፈሩ ትምህርት ቤት በስሙ እያሾፉበት ዝም ማለት አብዝቶ ነበርና። እኅቱ ግን ቫዮሊን የሚያስተምሩት በሰፈሩ ነው ብላ እምቢ አለች። ዘመዶቿ ሁለት ልጅ በሁለት ትምህርት ቤት ምን የሚሉት ነገር ነው ብለው ወቅሰዋታል። እኔም ይህን ሁሉ ታሪክ ልነግራት አሰብሁና ተውሁት፤ እርሷ ከፋሪቦልትም ከፍርድ ቤቱም ቀድማ ፈርዳ ጨርሳ፣ ከእኔ የፈለገችው አይዞሽ መባልን ብቻ ነበር።

በዚያ መካከል ዲያቆኑ ልጆቹን ጠርቶ በአንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ልጁ ገና ከፊደል ገበታው ላይ ጣቱን አላነሣም፤ እኅቱ አቡጊዳን አልፋ መልእክተ ዮሐንስ ጀምራለች፤ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው በደረሱበት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ሲጀምሩ ምድር ቤቱ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። ዲያቆኑ ጀርባውን ሰጥቶ ሻይ ይቀዳ ነበር፤ ፊቱን ሳያዞር፣ «ሣልስ ነው እንጂ ራብዕ አይደለም፣ ድገመው» አለ፤ ከወንበሩ ዳር ያለው ልጁም ደገመው።